የሸተተው ክምርና ያልያዘው ባክቴሪያ
የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከጣና ዙሪያ የተላኩ አራት ጥያቄዎችን መርጠናል። የእንቦጩ መልስ ከሌሎቹ ይረዝማል፤ ጥያቄውም ብዙ ያስጽፋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው። አምና በዘመቻ የነቀልነውን እንቦጭ ሜዳ ላይ ከምረን ኮምፖስት ይሆናል ብለን ጠበቅን። በሁለተኛው ሳምንት ክምሩ ሟሟ፤ የገማ እንቁላል ሸተተ፤ ጥቁር ውኃ አፈሰሰ። በሦስተኛው ወር የቀረውን ቃሪያ ማሳ ላይ በተንነው፣ ቃሪያው ቀጨጨ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ውኃ በተኛበት የማሳው ጥግ እንቦጭ በቀለ! የት ላይ ነው የተሳሳትነው?

መልስ፦ የተሳሳታችሁት ገና ክምሩን ስትሠሩ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። ከሐይቅ የወጣ እንቦጭ ከመቶው ከ90 እጅ በላይ ውኃ ነው። አንድ ኩንታል ተሸክማችሁ ስትወጡ፣ በእጃችሁ ያለው ደረቅ ነገር ከ5 እስከ 10 ኪሎ ብቻ ነው። እርጥቡ እንዳለ ከተከመረ ስፖንጅ የሚመስለው አገዳው በራሱ ክብደት ተጨፍልቆ ውኃውን ይተፋል፤ በመካከል የነበረው አየርም አብሮ ይወጣል። አየር ሲጠፋ ክምሩን የሚያሞቁት ተሕዋስያን ሥራ ያቆማሉ፤ ቦታቸውን አየር የማይሹት ይይዙታል። የገማ እንቁላል ሽታው የእነዚህ ነው። እነሱ ደግሞ የረባ ሙቀት አያወጡም። ሙቀት ከሌለ ዘሩ አይሞትም፤ ጥጉ ላይ የበቀለው ለዚህ ነው።

ስለ ዘሩ ትንሽ እንጨምር። የእንቦጭ አበባ ሲጠወልግ ዘንጉ ወደ ውኃው ይጎብጥና በሦስት ሳምንት ገደማ ፍሬው በስሎ ዘሩን ይበትናል። ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ዘር ከአሥር ዓመት በላይ በሕይወት ይቆያል። እንግዲህ ለኮምፖስት የሚመረጠው ሐምራዊውን አበባ ሳያወጣ የተነቀለው ነው። አብቦ ከመጣላችሁ አበባውንና የጎበጠውን ዘንግ እየቆረጣችሁ ለብቻ አድርቁና አቃጥሉት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ቢሆንም ማሳ ገብቶ ከማረም ይሻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተነቀለውን ከውኃው ራቅ ባለና ጎርፍ በማይደርስበት ቦታ አስጡ፤ በበጋ ፀሐይ ከ3 እስከ 5 ቀን ይበቃል። አገዳው ሲታጠፍ ቀጭ ማለቱን ትቶ እንደ ቆዳ ሲልመጠመጥ ደርሷል። ሥሩን አራግፉ፤ የከተማ ፍሳሽ በሚገባበት በኩል የተነቀለ ከሆነ ደግሞ ለምግብ ሰብል ጨርሶ አትጠቀሙበት፣ ምክንያቱም እንቦጭ ከውኃ ውስጥ እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ብረቶችን ስቦ በተለይ ሥሩ ላይ ያከማቻል። የጠወለገውን ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ክተፉት።

መጠኑን በባልዲ እንስፈር፦ ለ3 ባልዲ የጠወለገ እንቦጭ 1 ባልዲ ጭድ ወይም የሩዝ ገለባ፣ 1 ባልዲ እበት፣ እንዲሁም ሁለት እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት ወይም ከዛፍ ሥር የተወሰደ አፈር። በአካባቢያችሁ የሩዝ ወፍጮ ቤቶች የሚጥሉት ገለፈት ሞልቶ ተርፏል፤ ነገር ግን ሲሊካው ስለሚበዛ ለመበስበስ እጅግ ይዘገያል። አየር እንዲያስገባ ጥቂቱን ጨምሩ እንጂ በገለባው ምትክ አታስገቡት። አመድም እንደዚሁ ነው። ስስ አድርጎ መነስነስ ጥሩ ነው፤ ብዙ አመድ ከእበት ጋር ሲገናኝ ግን ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተንናል፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው።

መሬቱ ላይ መጀመሪያ የበቆሎ ወይም የማሽላ አገዳ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አንጥፉ፣ ከሥር አየር እንዲገባ። በላዩ የተቀላቀለውን እየደረባችሁ ወርዱንም ቁመቱንም አንድ ሜትር ተኩል አድርሱት። ርዝመቱ እንደ አቅማችሁ ነው። ከአንድ ሜትር ያነሰ ክምር ሙቀቱን አይዝም፣ ከሁለት ሜትር የበለጠ ደግሞ መሐሉ ይታፈናል። እርጥበቱን በመዳፍ ለኩ፦ አንድ ጭብጥ ስትጨምቁ በጣቶቻችሁ መካከል ሁለት ሦስት ጠብታ ከታየ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ ገለባ ጨምሩ፤ መዳፋችሁ ደረቅ ከሆነ ውኃ አርከፍክፉ።

ከዚያ አንድ ሜትር ተኩል ፌሮ መሐሉ ድረስ ስኩበት። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ፌሮውን አውጥታችሁ ጫፉን ስትይዙ እጅ ማቃጠል አለበት፤ ይህ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መድረሱን ይነግራችኋል፤ ዘሩን የሚገድለው ይህ ሙቀት ነው። ለብ ብሎ ከቀረ ወይ ክምሩ አንሷል፣ ወይ ደርቋል፣ ወይ እበት ጎድሎታል። በአሥረኛው ቀን ገደማ፣ ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር፣ በመንሽ አገላብጡት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ማገላበጥ ማለት ዝም ብሎ ማማሰል አይደለም። የዳር የዳሩ ሙቀት አላገኘም፤ ስለዚህ የውጩ ወደ ውስጥ፣ የውስጡ ወደ ውጭ መግባት አለበት። ይህ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገም፤ በየጊዜውም ፌሮው ትኩስ ሆኖ ይውጣ። በበጋ ሙሉው ሥራ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይወስዳል። በክረምት ከሠራችሁ በሸራ ወይም በሣር ክዳን ካልሸፈናችሁት ዝናቡ ወደ አምናው ችግር ይመልሳችኋል።

ቃሪያው የቀጨጨው ኮምፖስቱ ሳይበስል ስለገባ ነው። ጥሬ ብስባሽ ውስጥ ለሥር የሚጎዱ አሲዶችና አሞኒያ አሉ፤ ተሕዋስያኑም መበስበሱን ለመጨረስ የአፈሩን ናይትሮጅን ከተክሉ ይሻማሉ። መብሰሉን የምትፈትንላችሁ ግን ቤታችሁ ያለች ፌጦ ናት። በአንድ ጣሳ ኮምፖስቱን ከአፈር ጋር እኩል ቀላቅላችሁ፣ በሌላ ጣሳ አፈር ብቻ አድርጋችሁ 20፣ 20 የፌጦ ፍሬ ዝሩ። በሳምንት ውስጥ የኮምፖስቱ ቡቃያ ከአፈሩ እኩል ካልወጣ ወይም ሥሩ ቡናማ ሆኖ ካጠረ፣ ሌላ ሦስት ሳምንት ይቆይ። ለእንቦጭ ዘር ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፦ ጎድጓዳ ሳፋ ላይ ጥቂት ኮምፖስት ዘርግታችሁ ጣት የማይሞላ ውኃ አድርጉበትና ፀሐይ ላይ ሦስት ሳምንት አቆዩት። ዘሩ ብርሃንና ስስ ውኃ ሲያገኝ ስለሚበቅል፣ ካለ ያጋልጣል። አንድ እንኳ ከበቀለ ክምሩን እንደገና ማሞቅ ነው።

ለአንድ ጥማድ መሬት 12 ኩንታል ያህል ይበቃል። አታክልት ከሆነ ከመበተን ይልቅ በየችግኙ ጉድጓድ ሁለት እፍኝ አድርጉ። ሌላው፦ ውኃ ውስጥ ገብታችሁ ስትነቅሉ ቦትና ጓንት አይለያችሁ፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ።

ጥያቄ፦ ያንኑ እንቦጭ ለላም ብሰጥስ? ስትበላው አይቻለሁ። (ከባሕር ዳር ዙሪያ)

መልስ፦ ትበላለች፤ ግን ሆዷን የምትሞላው በውኃ ነው። ሌላም አደጋ አለ። የጉበት ትል እጭ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ከውኃ ዳር ቅጠልና ሣር ላይ ተለጥፎ ይቆያል፤ ላሟ ቅጠሉን ስትበላ አብሮ ይገባል። በደንብ ፀሐይ የመታውና የደረቀው እንቦጭ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ከጭድ ጋር ተቀላቅሎ ከመኖው ሩብ ባይበልጥ ይመረጣል። ከብቶቹን የጉበት ትል መድኃኒት መቼ መስጠት እንዳለብዎ የወረዳዎን የእንስሳት ሐኪም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ፎገራ ላይ ሩዝ ካነሣሁ በኋላ በቀሪው እርጥበት ሽምብራ እዘራለሁ። አምና የባክቴሪያ ማዳበሪያ ገዝቼ ዘሩን አሽቼ ዘራሁ፤ ከጎረቤቴ ሽምብራ የተለየ ነገር አላየሁም። ባክቴሪያው ውሸት ነው?

መልስ፦ ውሸት አይደለም፤ ግን ሽምብራው ሥር ላይ እባጭ ሠርቶ የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ የሚያዘጋጅ፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ከሱቅ እስከ ማሳ ባለው መንገድ ሊሞት ይችላል፤ ደርሶም ሥራ ላያገኝ ይችላል።

መጀመሪያ ከረጢቱን ይመልከቱ። ሽምብራ የራሱ ባክቴሪያ አለው። ለባቄላ የተዘጋጀው ለአተር፣ ለምስርና ለጓያ ሊያገለግል ይችላል፤ ለሽምብራ ግን አይሠራም። የአኩሪ አተሩም እንዲሁ የተለየ ነው። ቀጥሎ የማብቂያ ቀኑን ይዩ፤ ሻጩ ከረጢቱን የት እንዳስቀመጠውም ይጠይቁ። ፀሐይ በሚመታው መደርደሪያ ወይም ቆርቆሮ ሥር የከረመ ከሆነ የገዙት አፈር ነው። ቤት ሲደርሱ ከእንስራው አጠገብ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ያኑሩት።

አብዛኛውን ጊዜ 125 ግራም የሚይዘው ከረጢት ለአንድ ጥማድ ነው፤ ይህም ከ25 እስከ 30 ኪሎ የሽምብራ ዘር ነው። ግማሽ ሊትር ውኃ ውስጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ያሟሙ፤ ስኳሩ ባክቴሪያውን ከዘሩ ጋር ያጣብቃል። ጥላ ሥር ዘሩን በሸራ ላይ ዘርግተው በዚህ ውኃ ያርጥቡት፤ ከረጢቱን ነስንሰው እያንዳንዱ ፍሬ ጥቁር ሽፋን እስኪለብስ በቀስታ ያገላብጡ። ኃይለኛ ማሸት የዘሩን ቅርፊት ይሰነጥቃል። ግማሽ ሰዓት ጥላ ላይ ካናፈሱት በኋላ በዚያው ቀን ይዝሩ፤ ጠዋት በማለዳ ወይም ወደ ማታ ቢሆን ይመረጣል። ትልም ውስጥ የገባውን ወዲያው አፈር አልብሱት፤ ፀሐይ ላይ የተኛ ዘር ባክቴሪያውን በደቂቃዎች ያጣል።

ሦስት ነገሮች ሥራውን ያበላሻሉ። በፀረ ፈንገስ የታሸ ዘር ባክቴሪያውንም ይገድላል። ኤንፒኤስ ወይም ዩሪያ ከታሸው ዘር ጋር በአንድ ዕቃ ከተቀላቀለ ጨውነቱ ይፈጀዋል፤ ማዳበሪያው ከዘሩ ፈቀቅ ብሎ ለብቻው ይግባ። ዩሪያ ከበዛ ደግሞ ሽምብራው የተዘጋጀ ናይትሮጅን አግኝቷልና ባክቴሪያውን ለመቀለብ አይደክምም። የፎገራ ጥቁር አፈር ላይ አራተኛም አለ፦ ውኃው ሳይሸሽ ከተዘራ ሥሩ አየር ያጣል፣ ዘግይቶ ከተዘራ ደግሞ አፈሩ ተሰነጣጥቆ ባክቴሪያው በድርቅ ያልቃል። ጭቃው ከማረሻ ላይ መጣበቁን ትቶ መፈርፈር ሲጀምር ነው ጊዜው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ለውጡን ከጎረቤት ማሳ ጋር እያስተያዩ ማወቅ አይቻልም፤ አፈሩም ዘሩም የተዘራበት ቀኑም ሌላ ነው። ዘንድሮ ከራስዎ ማሳ መሐል አምስት ሜትር ወርድ ያለው መደብ ያለ ባክቴሪያ ይዝሩ፤ እሱን አስቀድመው፣ እጅዎ ከረጢቱን ሳይነካ። ሽምብራው ማበብ ሲጀምር ከሁለቱም በኩል አሥር አሥር እግር ይቆፍሩ። መንቀል አይሆንም፣ እባጮቹ ተበጥሰው አፈር ውስጥ ይቀራሉ። ሥሩን በባልዲ ውኃ ካጠቡ በኋላ እባጩን በጥፍርዎ ይሰንጥቁት። ውስጡ እንደ ሥጋ ቀላ ካለ ናይትሮጅን እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ቦታ ይዞ የተቀመጠ ሥራ ፈት ነው።

ባክቴሪያ ያልነካው መደብም ቀይ እባጭ ሞልቶት ካገኙት፣ ሽምብራ ለብዙ ዓመት ሲዘራበት የቆየው አፈርዎ የራሱን ባክቴሪያ አከማችቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ከረጢቱን መግዛት አያስፈልግዎትም፤ ገንዘቡን ለተሻሻለ ዘር ያውሉት። በእኛ ግምት የአምናው ነገር ከሁሉ በፊት ይህ ይመስላል፤ ሥሩን ሳያዩ ግን አይፍረዱ።

ጥያቄ፦ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እንቦጭን የበላው ጥንዚዛ ለምን ጣና ላይ አይለቀቅም? (ከባሕር ዳር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ የምትለው ኒዮኬቲና የሚባሉትን፣ የነቀዝ ዘመድ የሆኑ ሁለት ዝርያዎች ነው። ርዝመታቸው አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ትልልቆቹ ቅጠሉን ይፍቃሉ፤ ዋናውን ጉዳት የሚያደርሱት ግን አገዳውን ሰርስረው የሚገቡት እጮች ናቸው። ምግባቸው እንቦጭ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ወደ ጤፍና ሩዝ ይዞራሉ የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። ኡጋንዳ በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ለቅቃቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረሙ በእጅጉ ቀንሷል።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው ሙቀት ነው፦ የጥንዚዛው ሙሉ የሕይወት ዑደት በሞቃት ቦታ እንኳ ሦስት ወር ያህል ይፈጃል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይረዝማል። ጣና ከቪክቶሪያ 650 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ሌሊቱ ይበርዳል፤ ስለዚህ የቪክቶሪያውን ፍጥነት እዚህ መጠበቅ አይቻልም። ሁለተኛው ከነቀላው ጋር መጣላቱ ነው። ጥንዚዛው እንዲራባ እንቦጩ መቆየት አለበት፤ በየዘመቻው ዳርቻው ከተጠረገ እጮቹም አብረው ይወጣሉ። ሁለቱን ለማስታረቅ ማሽን የማይደርስበትን ረግረግ ለጥንዚዛው መተው፣ የዓሣ ማስገሪያውንና የጀልባ መንገዱን ደግሞ መንቀል ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በኳራንቲን ሕግና በተመራማሪዎች ቁጥጥር ነው፤ ማንም ከሌላ ቦታ በጠርሙስ ይዞ የሚያመጣው ነገር አይደለም፣ ከጥንዚዛው ጋር የአረሙ ቁራጭ ሊመጣ ይችላልና። አንዲት ለጋ ችግኝ በጀልባ ጎን ተለጥፋ አዲስ ወሽመጥ ከደረሰች ያለ ዘርም ትራባለች። ስለዚህ ከሰሜኑ ዳርቻ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ጀልባና መረብ ውኃ ከመንካቱ በፊት የብስ ላይ ይራገፍ፣ ይድረቅም።