ከደሞዙ ጋር አብሮ የሚቀነሰው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «በሳምንት 3 ቀን ብቻ ልሠራ ነው። ክፍሉ ውስጥ እንደ እንግዳ እንዳልታይ ፈራሁ። የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ» ነው ያልሽው። እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ እንደዛ ፓርት ታይም 4 ዓመት ሠርቻለሁ። (ፓርት ታይም ስል ማታ ማታ ሌላ ክሊኒክ መሥራቱን አይደለም፤ ሰዓት መቀነሱን ነው።)

መጀመሪያ እኔ የፈራሁት ሙያዬ እንዳይዝግብኝ ነበር። አልዛገም። 3 ቀንም ቢሆን በሽተኛ በሽተኛ ነው። ያጣሁት ወሬውን ነው። ሐሜቱን ማለቴ አይደለም፤ እሱም ይናፍቃል እንጂ። ሊፍት እየጠበቁ፣ እጅ እየታጠቡ፣ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጋዋን እያወለቁ የሚባባሉት ነገር አለ አይደል? «ይቺን ኤክስሬይ እስቲ እያት»፣ «የልጅቷ ትኩሳት አልወርድ አለኝ፤ አንተ ብትሆን ምን ትጨምራለህ?» ብዙው ነገር እዛ ያልቃል። ቻርት ላይ የሚሰፍረው ሰው ጊዜ ሲያገኝ ነው።

አንድ ሰኞ የሆነውን ልንገርሽ። 4 ቀን አርፌ ገባሁ። አልጋ 7 ላይ ያሉት አባት እግራቸው ላይ ደም ረግቶባቸው ሄፓሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ይወስዱ ነበር። ቻርቱን ሳይ የማታው አልተሰጠም፤ ምክንያቱም አልተጻፈም። ተረስቶ ነው ብዬ አሁኑኑ ይሰጥ አልኩ። ነርሷ ሲሪንጁን ይዛ ቆመች። «ዶክተር፣ እሳቸው እኮ ዛሬ ረፋድ ላይ ኦፕራሲዮን ሊገቡ ነው። ትናንት ከሰርጀኑ ጋር ተነጋግረው ነው ያስቆሙት። አልነገሩሽም?» ማንም አልነገረኝም። ሁለት ሐኪሞች ኮሪደር ላይ ተገናኝተው ተስማሙ፣ ለተረኛዋ በቃል ነገሯት፣ በቃ፣ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ሆነ። ከእኔ በቀር። ያቺ ነርስ ዝም ብላ ብትወጋቸው ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አንቺው ታውቂዋለሽ።

ከዚያ በኋላ የበሽተኛ ርክክብን በጽሑፍ ብቻ መተው አቆምኩ። ሥራ በምገባበት ቀን ጠዋት፣ ቻርት ከመክፈቴ በፊት፣ የነበረውን ሐኪም ደውዬ እጠይቀዋለሁ። 5 ደቂቃ ነው። የነገረኝን ደግሜ እነግረዋለሁ፤ የጎደለ ካለ ያኔ ትዝ ይለዋል። አይ-ፓስ የሚባለው የርክክብ ዘዴ የመጨረሻው ነጥብ ይሄው መድገም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት፣ ዘዴውን በሞከሩ 9 ሆስፒታሎች የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ ቀንሶ ነበር። ነርሶቹንም ቀድመሽ ጠይቂ። ያልተጻፈውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛው ኪሳራ ቀስ ብሎ ነው የሚታይሽ። አንድ ጥሩ ሥልጠና መጣ፤ እኔ ስሰማ ሰው ተመርጦ አልቋል። የሥራ ባልደረባዬ፣ በጣም የምወደው ልጅ፣ «ስምሽ ተነስቶ ነበር እኮ፤ ግን ፓርት ታይም ናት፣ አይመቻትም ተባለ» አለኝ። ክፋት የለበትም። አዝነውልኝ ነው! ማስታወቂያ አልወጣ፣ ስብሰባ አልተጠራ፤ እረፍት ሰዓት ላይ ሦስት ሰው ተቀምጦ አወራ፣ አለቀ። ኃላፊዬ ጋ ሄጄ «ባይመቸኝ እንኳ እኔው ልንገራችሁ፤ ጠይቁኝ» አልኩት። ትንሽ ደነገጠ። ከዛ በኋላ ግን ይጠይቀኛል፤ ግማሹን እምቢ እላለሁ።

ይሄ ነገር ዱሮም የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኮልማን፣ ካትዝና ሜንዜል የሚባሉ አጥኚዎች አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ በ4 ከተሞች ያሉ ሐኪሞችን ተከታትለው ነበር። ቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ያኔ አዲስ ነው። ከባልደረቦቻቸው ጋር ብዙ የሚገናኙት ሐኪሞች ቀድመው ማዘዝ ጀመሩ፤ ለብቻቸው ያሉት ዘገዩ። (እ.ኤ.አ. በ2001 ያንኑ መረጃ መልሰው ያዩ ሰዎች ደግሞ የመድኃኒት ኩባንያዎቹ ቅስቀሳ ሲታሰብበት የጓደኝነቱ ተጽዕኖ ይጠፋል ብለዋል። ክርክሩን ለእነሱ ልተወው፤ እኔ ያየሁትን አይቻለሁ።)

አሁን ወደ ቀን ምርጫ እንምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው። እኔ መጀመሪያ የመረጥኩት ለቤቴ የሚመቸውን ነው፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ አከታትዬ። የክፍላችን የጋራ ውይይት ደግሞ ሐሙስ ጠዋት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ አመለጠኝ። ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሳደርገው ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። እኔን ሐሙስ ሐሙስ የሚያየኝ ሰው የለችም አይልም። ደግሞም ረጅሙ ክፍተት ያጥራል። እና እባክሽ ሥራሽን ጨርሰሽ ሽው አትበይ። አንድ 15 ደቂቃ ተቀመጪ። እኔ መጀመሪያ አካባቢ ሰዓት ለመቆጠብ ምሳዬን ቻርት ላይ አቀርቅሬ ነበር የምበላው። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ። ከሁሉም የባሰው ስህተቴ ያ ነው።

የቴሌግራም ግሩፑን በተመለከተ፣ አትውጪ፤ ግን በእረፍትሽ ቀን ለሁሉም ነገር አትመልሺ። አለበለዚያ በ3 ቀን ደሞዝ 5 ቀን መሥራት ነው። እኔ አንዲት ጓደኛዬን ብቻ «የምር የሚያስፈልግ ነገር ከመጣ ደውዪልኝ» ብያታለሁ። በለውጡ እሷ የማትችለውን ተረኛነት እኔ እሸፍንላታለሁ። ተረኛነት መቀያየር ላይ ለጋስ ሁኚ፤ ሰው «በጊዜ ትወጣለች» የሚለውን የሚረሳው ሌሊቱን ስትተኪው ነው።

«ዛሬም እረፍት ነሽ?» የሚል ቀልድ አይቀርልሽም። እኔ ስቄ አልፈዋለሁ፤ በሳምንት ሦስቴ ሲሆን ግን አንዱን ለብቻው ጠርቼ አናግሬዋለሁ።

የእናንተ ክፍል የጋራ ውይይት ምን ቀን እንደሆነ ጻፊልኝና የቀን አመራረጡን አብረን እናየዋለን። ከኃላፊሽ ጋር ሳትስማሚ በፊት ቢሆን ይሻላል።