ሦስተኛው ተኩስ ላይ የሚያኮርፍ ጠመንጃ

ደሴ ሰኞ ገበያ ተወልዶ አሁን አሜሪካ፣ ቴኔሲ የሚኖር አንባቢ ጽፎልኛል። «ጋሼ፣ ለሽኮኮና ለጥንቸል አደን ብዬ በአፉ የሚጎርስ (ባሩዱም ኳሱም በአፈሙዙ የሚገባበት) .32 ካሊበር ጠመንጃ ገዛሁ። ያገለገለ ነው፣ ርካሽ ነው። ሁለት ጊዜ ደህና ይተኩሳል። ሦስተኛው ላይ ኳሱ አልወርድ ይላል። አራተኛው ላይ ካፑ (መዶሻው ሲመታት ለባሩዱ እሳት የምትሰጠው ትንሿ ቆብ) ጯ ይላል፣ ጠመንጃው ዝም። ሻጩ ‹እሳት በደንብ እንዲገባ› ብሎ የካፑን መቀመጫ ቀዳዳ በድሪል አስፍቶታል። ሸጬው .45 ልግዛ?»

አትሽጠው። ሁለት ተኩሶ ሦስተኛው ላይ የሚያኮርፍ ጠመንጃ ሲመጣልኝ ካሊበሩን አልጠይቅም። የምጠረጥረው ጥላሸትን ነው፣ ቀጥሎ ዘይትን። ሠራዊት ቤት መሣሪያ ስጠግን ኖሬ አሁን ኮምቦልቻ ቶርኖ ላይ ቆሜያለሁ። የአያት ጠመንጃ ይዘው የሚመጡ ሰዎችም በሽታቸው ያው ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር። ኳሱ ባሩዱ ላይ ጥብቅ ብሎ ሳይቀመጥ እንዳትተኩስ። መሃል መንገድ የቀረ ኳስ በርሜል ያሳብጣል፣ አንዳንዴም ያፈነዳል። ኳሱን የምትገፋበትን ዘንግ ባዶው በርሜል ውስጥ ክተትና በበርሜሉ አፍ ልክ ዘንጉ ላይ ምልክት አድርግ። ባሩዱና ኳሱ በትክክል ሲቀመጡም ሌላ ምልክት አድርግ። ኳሱ ከተቀረቀረ ካፑን አውርድ፣ በካፑ መቀመጫ በኩል ውኃ አስገብተህ ባሩዱን አርጥብ፣ ከዚያ ኳስ ማውጫ ብሎን ባለው ዘንግ ሳበው። «ተኩሼ ላውጣው» አይባልም።

ጥቁር ባሩድ 75 እጅ ጨው ፒተር (ፖታሲየም ናይትሬት)፣ 15 ከሰል፣ 10 ድኝ ነው። ሲነድ ሁሉም ጋዝ አይሆንም። ከክብደቱ ከግማሽ በላዩ ጠጣር ሆኖ ይቀራል፤ ከፊሉ በጭስ ይወጣል፣ ከፊሉ በርሜሉን ይለብሳል። ይህ ቅሪት እርጥበት ይስባል፣ ይጠጥራል። የአንተ በርሜል ስፋት 8 ሚሊ ገደማ ነው። ኳሱ .310 ኢንች ከሆነ በዙሪያው የሚተርፈው ክፍተት የሚሊ አንድ ስምንተኛ ነው፤ ኳሱን የሚያቅፈው ጨርቅም እዚያው ተጨምቆ ይገባል። ታዲያ ጥላሸቱ በምን በኩል ይለፍ? .45 ላይ ያው ጥላሸት ሰፋ ባለ ግድግዳ ላይ ስለሚዘረጋ ችግሩ ዘግይቶ ይመጣል እንጂ አይቀርም። ከካፑ ወደ ባሩዱ የሚወስደው ቦይ ደግሞ የጀበና አፍንጫ ማለት ነው። ጀበናው ሙሉ ሆኖ አፍንጫው በአተላ ሲደፈን ቡናው እንደማይወርደው፣ እሳቱም ቦዩ ላይ ይቀራል። አንተ ዝንብ የማታህል ቦይ በማሽን ዘይት ከሞላሃትማ አለቀላት። ሴባስቶፖልም እኮ በአፉ የሚጎርስ ነበር፤ ይኸው እዚሁ ወሎ መቅደላ ላይ ተቀምጧል። እሱን ግን ሰው እጁን ሰዶ ይጠርገዋል።

አሁን ወደ ሥራው። የካፑን መቀመጫ ፍታ፣ በርሜሉን በሙቅ ውኃ እጠብ፣ ቦዩን በቀጭን ሽቦ ብሩሽ አጽዳ፣ አድርቅ። በየተኩሱ መሃል በምራቅ ትንሽ የረጠበ ጨርቅ አንዴ ስደድ፤ የሚንጠባጠብ ከሆነ ባሩድህን ታበላሻለህ። ኳሱን የሚያቅፈውን ጨርቅ በማሽን ዘይት አትቀባ፣ ከጥላሸቱ ጋር ሬንጅ ይሆንብሃል። ሞራና ሰም አቅልጠህ ተጠቀም። ባሩዱ ደቃቁ፣ ባለ ሦስት ኤፉ (FFFg የተጻፈበት) ይሁን። ለ.32 ከ15 እስከ 20 ግሬን (ከግራም በጣም የሚያንስ የባሩድ መለኪያ ነው) ለሽኮኮ ይበቃል፣ ከአምራቹ መመሪያ እንዳታልፍ። ጭስ አልባ ባሩድ ግን በስህተት እንኳ እንዳይገባበት።

ያን በድሪል የሰፋ መቀመጫ ጣለው! እሳት እንዲገባ ተብሎ የሰፋ ቀዳዳ እሳት ያስወጣል። መዶሻውን ያነሳዋል፣ የካፑን ስባሪ ወደ ዓይንህ ይረጫል። መነጽር አድርግ። አዲሱን ስትገዛ የብሎን ጥርሱን ለካ። የስፔንና የጣሊያን ሥራዎች ብዙ ጊዜ 6 በ1 ሚሊ ናቸው (ውፍረቱ 6 ሚሊ፣ ከጥርስ ጥርስ 1 ሚሊ)፣ ቶምፕሰን የሚባለው የአሜሪካ ሥራ ደግሞ ሩብ ኢንች በ28 (በአንድ ኢንች 28 ጥርስ)። ሩቡን ኢንች ስድስት ሚሊው ውስጥ በጉልበት የሚያስገባ «ባለሙያ» አይቻለሁ። የዋጋው ልዩነት የሻይ ነው፣ የሚበላሸው ግን በርሜል ነው።

ሌላ መግዛትህ ካልቀረ .36 ውሰድ እንጂ .45 አይደለም። የ.32 ኳስ 3 ግራም አይሞላም፣ የ.36ቱ 4 ግራም ገደማ ነው፣ የ.45ቱ ከ8 ያልፋል። ሽኮኮ በዚያ ተመትታ ምን ይተርፋል? (ሥጋውን ማን እንደሚበላው አልጠየቅኩህም፣ ደሴ ነው ያደግከው።) ከአዲስ ርካሽ ትራዲሽንስ ክሮኬት .32 አለ፣ የጣሊያኑ ፔደርሶሊ ይሻላል ግን ኪስ ይነካል። ያገለገለ ከሆነ በዘንግ ጎርሶ አለመሆኑን ለካ፣ ከዚያ ነጭ ጨርቅ ስደድ። ቡናማ ሆኖ ከወጣ ዝገት ነው፣ ተወው። መዶሻውን ግማሽ ላይ አቁመህ ምላጩን ጫን በል። ከወደቀ እሱንም ተወው። አብሮ የሚመጣው ቀጭን የእንጨት ዘንግ ይሰበርና እጅህን ይወጋሃል፤ የነሐስ ግዛ።

አገር ቤት ያላችሁ፣ ይህ የቴኔሲ ጉዳይ ነው። እዚህ መሣሪያ በ1177/2012 አዋጅ በፈቃድ ነው፣ አደንም የራሱ ፈቃድ አለው።

ካጸዳህ በኋላ፣ ሳታጎርሰው በፊት፣ አፈሙዙን መሬት ላይ ወዳለ ደረቅ ቅጠል አዙርና ካፕ ብቻ ተኩስ። ቅጠሉ ብድግ ካለ ቦዩ ክፍት ነው። ካልተንቀሳቀሰ ባሩድ አትጨምር፣ መቀመጫውን ፈትተህ እንደገና ጥረግ። ጎርሶ እምቢ ካለህ ደግሞ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሳ አንድ ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ ዘንጉ ላይ ያለውን ምልክት እይ።