ያነሣችሁትን መልሱ፦ ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ደብዳቤው፣ ውሉ፣ የሠራተኛው የግል ማኅደር ሁሉ በእጄ ሲገባና ሲወጣ ኖሯል። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥራ የጀመሩ የዘመድ ልጆችና የቀድሞ ወጣት ባልደረቦቼ ግን እስከ ዛሬ አንድ ጥያቄ ያነሡልኛል። «ቤቱም ቢሮውም ተዝረክርኮብኛል፤ ከየት ልጀምር?» ይሉኛል። ለእነሱ የምነግራቸውን ለእናንተም ልጻፈው ብዬ ነው።

ቤታችሁ ወይም ቢሮአችሁ መደራጀቱን በማማሩ አትለኩት። የምትፈልጉትን ቶሎ በማግኘታችሁ ለኩት። አንድ ሰው ደውሎ «ያ ውል የታለ?» ቢላችሁና ተነሥታችሁ በቀጥታ ወደ ቦታው መሄድ ከቻላችሁ ጥሩ ሁኔታ ላይ ናችሁ። ጠረጴዛችሁ ላይ ወረቀት ቢበዛም አትጨነቁ። በአንጻሩ ሁሉም ነገር ተጠራርጎ መሳቢያ ውስጥ የተከተተበት፣ ሲያዩት የሚያምር፣ የሚፈለገው ግን የማይገኝበት ቤት አለ። እንግዳ ሲመጣ ያኮራል፤ ሰነድ ሲጠየቅ ያስለቅሳል።

ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት ስለ መመለስ የማወራው። ዕቃ ማንሣት ሁላችንም እንችልበታለን። ጣጣው ያለው መመለሱ ላይ ነው።

በብዙ ቤተ መጻሕፍት አንባቢው የጨረሰውን መጽሐፍ ራሱ መደርደሪያ ላይ እንዳይመልስ ይጠየቃል። ጠረጴዛው ላይ ትቶት ቢሄድ ይመረጣል። ጠረጴዛ ላይ ያለ መጽሐፍ ይታያል፤ ሠራተኛው አንሥቶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። የማይሆን መደርደሪያ ውስጥ የተሰካ መጽሐፍ ግን ሕንፃው ውስጥ እያለ ጠፍቷል ማለት ነው። መዝገብ ቤትም እንደዚሁ ነው። የተሳሳተ ማኅደር ውስጥ የገባችን አንዲት ደብዳቤ መፈለግ ቀናት ሊወስድ ይችላል።

ከዚህ ለቤታችሁ የሚሆን ልማድ ውሰዱ። አንድን ነገር ትክክለኛ ቦታው ለማድረስ ጊዜ ካጣችሁ፣ በቅርብ ያገኛችሁት መሳቢያ ውስጥ አትወርውሩት። ለዚሁ ብቻ የተለየ አንድ ትሪ ወይም ቅርጫት ይኑራችሁ። እዚያ አኑሩትና ማታ ወደየቦታው መልሱት። ቅርጫቱ አንድ ብቻ ይሁን። ሁለት ሦስት ከሆነ እሱም ራሱ ሌላ ፍለጋ ይሆንባችኋል።

ከመዝገብ ቤት ሥራ ሁሉ አብልጬ የምወደው ደግሞ የወጪ ካርዱን ነው። አንድ ፋይል ከመደርደሪያው ሲወጣ በቦታው ካርድ ይገባል። ካርዱ ላይ ማን እንደወሰደው፣ መቼና ለምን ጉዳይ እንደወሰደው ይጻፋል። ፋይሉ በቦታው ባይኖርም የት እንዳለ ይታወቃል። ይህን እቤትም ማድረግ ትችላላችሁ። ለጓደኛ መጽሐፍ ስታውሱ ከመጽሐፉ ጋር ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱት። የትምህርት ማስረጃችሁን ከሰነድ ፋይላችሁ ስታወጡ «ለሥራ ማመልከቻ ወጥቷል» ብላችሁ ቀኑን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉና በቦታው አስገቡ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ከስድስት ወር በኋላ ግን ቤቱን ከመገልበጥ ታድናችኋለች።

ለዕቃ ቦታ ስትመርጡ የት እንደሚያምር ሳይሆን የት እንደምትጠቀሙበት አስቡ። ቁልፍ ከበሩ አጠገብ ይቀመጥ። ቻርጀር ስልካችሁን በምታሳርፉበት ቦታ ይሁን። በየቀኑ የምትፈልጉት በወገብና በዓይን ከፍታ መካከል፣ በዓመት አንዴ የምትፈልጉት ላይኛው መደርደሪያ ላይ ይውጣ። አንድ ዕቃ ሁልጊዜ ከተመደበለት ቦታ ውጭ የሚገኝ ከሆነ ራሳችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ቦታውን ቀይሩት። ብዙ ጊዜ ስህተቱ የቦታው ነው።

አንዳንዶቻችሁ ሥርዓት ለመያዝ ስታስቡ መጀመሪያ የምታደርጉት ካርቶንና መደርደሪያ መግዛት ነው። ይህን አልደግፍም። በጃፓን ፋብሪካዎች የዳበረ፣ አምስት ደረጃ ያለው የታወቀ የሥራ ቦታ አያያዝ አለ። የመጀመሪያው ደረጃ ሴይሪ ይባላል፤ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው መለየት ነው። ማስቀመጫ ቦታ መስጠት፣ ሴይቶን የሚሉት፣ ሁለተኛ ነው የሚመጣው። የማያስፈልጋችሁን ዕቃ በሚያምር ሳጥን ብታስቀምጡት ቦታ መያዙን አይተውም።

ለመጣልም ለማስቀመጥም የሚያመነታ ልብ ላላችሁ፣ እነዚህ ፋብሪካዎች ጥሩ ዘዴ አላቸው። የሚያጠራጥረው ዕቃ ላይ ቀይ ምልክት ያደርጉና ቀን ጽፈው ለብቻው ያኖሩታል። ቀጠሮው ደርሶ ፈላጊ ካልመጣ ይወገዳል። እናንተም አንድ ካርቶን ውሰዱ፤ የምትጠራጠሩበትን ሁሉ ከትታችሁ ቀኑን በትልቁ ጻፉበት። ከስድስት ወር በኋላ ምንም ሳታወጡ ከቆያችሁ ለሚጠቀምበት ሰው ስጡት። ሰነድ ግን በዚህ መንገድ አትጣሉ። ሰነድ የራሱ ሕግ አለው፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

አሁን ከዕቃ ወደ ጭንቅላት ልሻገር። እናንተን ይበልጥ የሚያደክማችሁ ይሄኛው ይመስለኛል።

ብሉማ ዘይጋርኒክ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ በበርሊን ያካሄደችውን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1927 አሳተመች። ሰዎች ከጨረሱት ሥራ ይልቅ መሐል ላይ የተቋረጠባቸውን አብልጠው እንደሚያስታውሱ ጻፈች። በኋላ የተደገሙት ሙከራዎች ሁሉ ተመሳሳይ ውጤት አላመጡም። ሆኖም በእንጥልጥል የቀረ ጉዳይ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሣ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2011 ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች ያገኙት ነገር ደግሞ ለእኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ያልተጠናቀቀው ጉዳይ አእምሮን መበጥበጡን እንዲያቆም የግድ ማለቅ የለበትም። መቼና እንዴት እንደሚሠራ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ማውጣት ብቻውን ይረዳል።

ስለዚህ ጻፉት። በቃል አትያዙት። አንድ ደብተር ወይም አንድ የስልክ መተግበሪያ ምረጡ። የትኛው ይሻላል የሚለው ብዙም አያሳስበኝም፤ ሁለቱ ላይ እኩል መጻፍ ግን ያሳስበኛል። አጻጻፉም ላይ ተጠንቀቁ። «መኪና» ብሎ መጻፍ ምንም አይነግራችሁም። «ሐሙስ ጠዋት መካኒኩ ጋ ደውዬ ቀጠሮ እይዛለሁ» ብላችሁ ስትጽፉ ቀጣዩ እርምጃ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዝርዝራችሁ ላይ ለሳምንታት ሳይነካ የሚከርም ነገር ካለ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ እርምጃው ያልተጻፈለት ነው።

በቀን ውስጥ የምትሠሩትንም አታብዙ። ሰው የራሱን ሥራ ሲገምት ጊዜ ያሳንሳል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ አንድ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያዘጋጁ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠየቀ። በአማካይ 34 ቀን ገደማ ገመቱ። የፈጀባቸው ግን ከ55 ቀን በላይ ነበር። እነዚህ ሰነፎች አልነበሩም። እንዲሁ ሁላችንም ስናቅድ እንቅፋቱን አናየውም። መላው ቀላል ነው፤ ያለፈው ተመሳሳይ ሥራ ስንት ቀን እንደወሰደ ተመልከቱና ከዚያ ተነሡ። ለአለቃችሁም ያንን ቀን ንገሩ። ማክሰኞ ብሎ ዓርብ ከሚያስረክብ ሰው ይልቅ፣ ዓርብ ብሎ ዓርብ የሚያስረክብ ይታመናል።

ሥራ መሐል ስትጠሩ ደግሞ ወዲያው ብድግ አትበሉ። ተመራማሪዋ ሶፊ ሌሮይ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳየችው፣ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ስንዘልል የሐሳባችን ከፊሉ የተውነው ሥራ ላይ ይቀራል። ከመነሣታችሁ በፊት አንዲት መስመር ጻፉ፤ «ሠንጠረዥ 3 ላይ ነኝ፣ ቀጥሎ ድምሩን አመሳክራለሁ» በሉ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ስትመለሱ «የት ነበርኩ?» ከሚለው ድካም ያሳርፋችኋል።

ኮምፒውተር ላይ የማየው ውጥንቅጥ ከወረቀቱ ይብሳል። ፋይሎቹ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻ» ተብለው ተቀምጠዋል። የትኛው ነው የተላከው? ማንም አያውቅም። ስሙን በቀን ጀምሩ፤ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን በቅደም ተከተል ጻፉ። 2026-03-07 ብላችሁ ቀጥሎ የጉዳዩን ስም አስገቡ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው አይኤስኦ 8601 የተባለው ዓለም አቀፍ የቀን አጻጻፍ ደረጃ የሚለውም ይህንኑ ነው። ወርና ቀኑ ሁልጊዜ በሁለት አሐዝ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ፋይሎቹን በስም ሲደረድር በራሱ ጊዜ በቀን ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ቴሌግራም ላይ የተላከላችሁን አስፈላጊ ሰነድ ደግሞ እዚያው ውይይት መሐል አትተዉት፤ በዚያው ቀን አውርዳችሁ ስም ስጡት። የማይተካ ነገር ከሆነ ቅጂው ሌላ ቦታም ይኑር። ስልክ ይጠፋል፣ ፍላሽም ይበላሻል።

ልምድ ያለው ሰው ዝርዝር አያስፈልገውም የሚል አስተሳሰብ አለ። ይህ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ቦይንግ ሞዴል 299 የተባለ አዲስ የጦር አውሮፕላን ለሙከራ ሲነሣ ተከስክሶ የሰው ሕይወት ጠፋ። አብራሪው ልምድ ያካበተ ነበር። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ተንቀሳቃሽ የመሪ ክፍሎቹን ከነፋስ የሚጠብቀው መቆለፊያ ሳይከፈት ነበር የተነሣው። ከዚያ በኋላ አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት እያነበቡ የሚያረጋግጡት አጭር ዝርዝር ተዘጋጀ። አውሮፕላኑ ቢ-17 በሚል ስም በብዛት ተመርቶ ለዓመታት በረረ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2008 ለቀዶ ሕክምና ክፍሎች 19 ነጥብ ያለው ዝርዝር አውጥቷል። እነዚያ ሐኪሞች ሥራቸውን ያውቃሉ። የሰው ትኩረት ግን በድካምና በጥድፊያ ጊዜ ያመልጣል። እናንተም ደጋግማችሁ ለምትሠሩትና ከተረሳ ለሚያስከፍለው ነገር ዝርዝር ይኑራችሁ፤ ለጉዞ መነሻ፣ ለወር ሪፖርት፣ ከቤት ወጥቶ ለመቆየት። ከአንድ ገጽ አይብለጥ።

ቀኑን ስትዘጉ ጥቂት ደቂቃ ለነገ ስጡ። ጠረጴዛውን አጽዱ፣ ነገ መጀመሪያ የምትይዙትን ሥራ ከላይ አድርጉት፣ የቅርጫቱን ዕቃ መልሱ። በሳምንት አንዴ ደግሞ ዝርዝሩን በሙሉ ከላይ እስከ ታች አንብቡት። ብዙዎች ይህን የሳምንቱን ንባብ ስለሚተዉ ደብተሩን ማመን ያቆማሉ፤ ከዚያም ሁሉን ነገር እንደገና በጭንቅላታቸው መሸከም ይጀምራሉ።

ሁለት ሦስት ቀን ከዘለላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ አዲስ ልማድ ሳያስቡት ወደሚደረግ ደረጃ ለመድረስ 66 ቀን ገደማ ወስዷል። ልዩነቱ ሰፊ ነበር፤ ከ18 እስከ 254 ቀን። አንድ ቀን መዝለል የጎላ ጉዳት እንዳላመጣም አይተዋል። ጓደኛችሁ በሦስት ሳምንት የለመደውን እናንተ በስድስት ወር ልትለምዱት ትችላላችሁ። ይህ የባሕርይ ጉድለት አይደለም። አምስት ልማድ በአንድ ቀን ብትጀምሩ ግን ማጣፊያው ያጥራችኋል። ከአንዱ ጀምሩ፤ ቁልፋችሁን ወደ ቦታው ከመመለስ።

ከሰው ጋር የምትኖሩ ከሆነ የሌላውን ዕቃ ሳትጠይቁ አታደራጁ። ለእናንተ ዝብርቅርቅ የሚመስለው ለእሱ የሚያውቀው ቦታ ነው። በጋራ የምትጠቀሙበትን ነገር ቦታ ግን አብራችሁ ተስማሙበት። መሥሪያ ቤትም ያው ነው።

አሁን ወደ ሰነዱ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ውል፣ የኪራይ ውል፣ የሕክምና መረጃ፣ የባንክ ወረቀት፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ ፋይል፣ ውሃ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጡ። ስካን አድርጋችሁ ቅጂ ያዙ። በመዝገብ ቤት ሥራዬ ብዙ ባለጉዳዮችን አስተናግጃለሁ። ከሁሉም ልቤን የሚነኩት ቤተሰባቸው ድንገት ታሞባቸው ወይም ሞቶባቸው፣ በሐዘን ላይ ሆነው ወረቀት የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ። ሟቹ ሁሉንም ነገር በሥርዓት ይዞ ሊሆን ይችላል። የት እንዳስቀመጠው ግን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

ወጣት ናችሁ፤ ይህ ሩቅ ይመስላችኋል። ሆስፒታል ለጥቂት ቀን መተኛት ግን ዕድሜ አይጠይቅም። አንድ ገጽ ወረቀት ውሰዱ። ዋና ዋና ሰነዶቻችሁ የት እንዳሉ፣ የትኛው ባንክ ሒሳብ እንዳላችሁ፣ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ስሙን፣ በችግር ጊዜ ለማን እንደሚደወል ጻፉበት። የይለፍ ቃል አትጻፉበት። ቀኑን ከላይ አስፍሩ፤ በዓመት አንዴ አድሱት። በመሥሪያ ቤትም በእጃችሁ ያሉትን ጉዳዮች የሚዘረዝር እንዲህ ያለ ገጽ አዘጋጁና ገጹ ያለበትን ቦታ የቅርብ ባልደረባችሁ ይወቅ። የቤቱን ገጽ ደግሞ ሰነድ ፋይሉ ውስጥ ከፊት አድርጉትና ለምታምኑት አንድ ሰው ዛሬውኑ ቦታውን አሳዩት።