4ኛ ጄኔሬሽን ዴስክቶፕ ይዘህ ብር ላጠረህ፦ ፕሮሰሰሩን ተወውና ኤስኤስዲ ግባ

አብሽር ወንድሜ፣ ማሽንህ አልሞተም። ጥያቄውን ላላያችሁት፣ ልጁ ሐይቅ ከተማ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፣ ማሽኑ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3020፣ 4ኛ ጄኔሬሽን ኢንቴል ኮር አይ 3፣ 4 ጂቢ ራም፣ 500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ። ጠዋት አብርቶት አቦሉ እስኪወርድ ዊንዶው አይከፍትለትም፣ አንዱ ፕሮሰሰር ቀይር ሌላው ግራፊክስ ካርድ ግዛ ብለውታል፣ ብሩ ደሞ ለሁሉም አይበቃም። እኔ ደሴ ፒያሳ እንዲህ አይነት ማሽን ስከፍትና ስዘጋ ነው የምውለው፣ ያየሁትን ልጻፍልህ።

ምንም ከመግዛትህ በፊት ማሽኑ በተንቀራፈፈ ሰዓት ታስክ ማናጀርን (የቱ ዕቃ ምን ያህል እንደተጨናነቀ የሚያሳየውን የዊንዶው መስኮት) ክፈት። ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ሜሞሪ (ራሙ)፣ ዲስክ የሚሉትን እያቸው። እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ ሲፒዩው 15 ወይ 20 ፐርሰንት ላይ ተኝቶ ዲስኩ 100 ላይ ተሰቅሎ ነው የማገኘው። ፕሮሰሰሩ ስራ ፈቶ ሃርድ ዲስኩን እየጠበቀ ነው ማለት ነው፣ እና የሚጠብቀውን ቀይረህ ምን ታተርፋለህ? ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ሳህን አለ፣ ማንበቢያው ከዳር ዳር እየሮጠ ነው ትንንሹን ፋይል የሚለቅመው፣ ዊንዶው ሲነሳ ደሞ የሚያነበው ይሄንኑ በሺ የሚቆጠር ትንንሽ ፋይል ነው። ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባው ፈጣን ማስቀመጫ) ላይ የሚዞርም የሚሮጥም ነገር የለም፣ ልዩነቱ ከዛ ነው የሚመጣው።

ስለዚ የመጀመሪያው ብርህ ለኤስኤስዲ። 3020 ላይ የኤም ዶት ቱ ማስገቢያ የለም፣ ሻጩ ያቺን እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነችውን ቢሰጥህ እንዳትቀበል፣ 2.5 ኢንች ሳታ በለው። 240 ወይ 256 ጂቢ ለዊንዶውና ለፕሮግራም ይበቃል፣ አሮጌው ሃርድ ዲስክ እዛው ይቀመጥና የደንበኛ ፋይል ይያዝልህ። ትልቁ ቁም ኬዝ ከሆነ የዲቪዲውን ኬብል ነቅለህ ለኤስኤስዲው ትሰካለህ (ዛሬ ማን ሲዲ ያመጣል)። ትንሿ ኬዝ ከሆነች ግን የዲቪዲዋ የፓወር መሰኪያ ጠባብ ስለሚሆን መጀመሪያ ከፍተህ እይ። ዋጋ አልጽፍልህም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይቀየራል፣ ብቻ ከሌላው ሁሉ በጣም የረከሰ 1 ቴራ ካየህ እለፈው፣ መጠኑን ዋሽቶ የሚያሳይ አለ፣ ሲሞላ ፋይልህን ይበላዋል።

እዚህ ጋ ቆም በል ምክንያቱም ጽሕፈት ቤት ላይ ትልቁ ጣጣ ይሄ ነው። አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ዊንዶው አዲስ ከመጫንህ በፊት የፎንት ፎልደሩን ሙሉውን ፍላሽ ላይ ገልብጥ። የድሮ ደብዳቤዎችህና የውል ፎርሞችህ በፓወር ግዕዝ ወይ በቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ፎንት የተጻፉ ከሆነ ፎንቱ ከሌለ ሲከፈቱ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ብቻ ነው የሚወጣው፣ ሰው ደንግጦ ፋይሌ ተበላሸ ብሎ ይመጣል፣ ፋይሉ ግን ምንም አልሆነም፣ ፎንቱን ስትመልስለት ይመለሳል። የፕሪንተርህንና የስካነርህን ድራይቨርም (የሚያሰራቸውን ሶፍትዌር) አብረህ ያዝ፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀህ በሐይቅ ኔትወርክ ድራይቨር ማውረድ አይሆንም።

ከዛ ብር ከተረፈህ ራም። ሁለት ማስገቢያ አለው፣ አሁን 4 ያለችው አንዷ ላይ ከሆነ ሌላ 4 ጨምረህ 8 አድርገው፣ ለዎርድና ለብራውዘር ይበቃል። ዲዲአር 3 የዴስክቶፕ ነው የምትፈልገው። የላፕቶፑ አጭር ነው አይገባም፣ ዲዲአር 4ም ጥርሱ መሃል ያለው ክፍተት ሌላ ቦታ ስለሆነ አይገባም፣ እነሱ ችግር የለባቸውም ወዲያው ታውቃቸዋለህ። የሚያታልለው ገብቶ የማይሰራው ነው፦ የሰርቨር ራም አለ፣ ደሞ ለኤኤምዲ ማዘርቦርድ ብቻ የሚሆን 8 ጂቢ አለ፣ ሁለቱም በርካሽ ይሸጣሉ፣ ያንተ ኢንቴል ላይ ማሽኑ አይነሳም። ኬዙን ተሸክመህ ሂድና ሱቁ ላይ አስነሳው፣ አትፈር። ዊንዶው 32 ቢት ከሆነ ደሞ ከ4 ጂቢ በላይ አይጠቀምልህም፣ አዲስ ስትጭን 64 ጫን።

ፕሮሰሰር ቀይር ያለህ ሰውዬ ውሸት አላለም፣ ሶኬቱ (የፕሮሰሰሩ መቀመጫ) 1150 ስለሆነ አይ 5 4570 ይቀበላል፣ ግን ደብዳቤ እየጻፍክ አይታወቅህም። ግራፊክስ ካርድ ግዛ ያለህን ተወው። ፎቶ ኮፒ ቤት ለምን ግራፊክስ ካርድ ያስፈልገዋል? በዛ ላይ የዚህ ማሽን ፓወር ሰፕላይ 300 ዋት አይሞላም፣ የግራፊክስ ካርድ ተጨማሪ መሰኪያም የለውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በነጻ የሚሆነውን አድርግ። ክፈተው፣ አቧራውን አራግፍ፣ ራሙን ነቅለህ ወርቃማውን ጥርሱን በላጲስ ጠርገህ መልስ። አብርተኸው ሰዓቱ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ የማዘርቦርዷ ባትሪ ናት ያለቀችው፣ ሲአር 2032 በላቸው፣ ያቺ ስትሞት ቀኑ ስለሚሳሳት ብራውዘሩም ዌብሳይት አልከፍትም ይልሃል፣ ብዙ ሰው ቫይረስ ይመስለዋል። መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ ድርግም የሚልብህ ከሆነ ደሞ ከራሙ በፊት ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየውን) አስብ፣ ሲጽፍ መብራት ሲነጠቅ ኤስኤስዲም ይጎዳል።

አንድ የማልደብቅህ፣ ይሄ ማሽን ዊንዶው 11ን በይፋ አይቀበልም፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው የሚሉት። የዊንዶው 10 መደበኛ ድጋፍ (የደህንነት ማሻሻያው) ደሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። በዊንዶው ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነጻ ሲስተም ጫን ይሉሃል፣ ለቤት ቢሆን እኔም እላለሁ፣ ግን አንተ በፓወር ግዕዝና በኦፊስ ነው እንጀራህ፣ ስለዚ ዊንዶው 10 ላይ ቆይ፣ የደንበኛ ፍላሽ በአንቲቫይረስ ስካን ሳታደርግ አትክፈት፣ የባንክ ነገር በዚህ ማሽን አትስራ።

አሁን የታስክ ማናጀሩን ፎቶና ኬዙን ከጎን ከፍተህ አንስተህ እዚህ ለጥፍ፣ ራሟ ስንት ማስገቢያ ላይ እንዳለች አይቼ ምን እንደምትገዛ እነግርሃለሁ።