እንግድነቱ እስኪያልቅ ቆዩ

ውድ ወጣቶች፣

አብረውኝ የሚሠሩ ወጣት ሐኪሞች የዓመት ፈቃድ ሲቃረብ አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ፈቃዴን በሙሉ ቤተሰብ ጋ ልጨርሰው ወይስ ብቅ ብዬ ጠይቄያቸው የቀረውን ለራሴ ላድርገው?» ይሉኛል። ብቅ ብሎ መመለስ ነውር የለውም። ሥራ አለ፣ ልጅ አለ፣ የገንዘብ ነገርም አለ። አቅሙ ካላችሁ ግን በየጥቂት ዓመቱ አንዴ እንግድነቱ እስኪያልቅ ድረስ ቆዩ እላለሁ። ካደጋችሁበት ከተማ አጠገብ ወላጆች ወይም እህት ወንድም ካሉ፣ እዚያው ሰንብቱ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ዕድሜዬም ወደ አብዛኞቹ ታካሚዎቼ ዕድሜ ተጠግቷል። ስለዚህ ነገሩን ከጠያቂም ከተጠያቂም ወገን ሆኜ አየዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለእናንተ ተብለው የተሰናዱ ናቸው። ቤቱ ተጠርጓል። አባታችሁ ደህናውን ልብሳቸውን ለብሰዋል። እናታችሁ «እኔ ምን ሆኜ፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ውሸት አይደለም፤ ሰው ሲመጣ በእርግጥም ይበረታሉ። እኛም ጋ ያው ነው። በሽተኛው እኔ ፊት ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ቤቱ ሲደርስ ይዘረራል። ስልክማ ተዉት፤ ስልክ ላይ ሁሉም ሰው ደህና ነው።

ከዚያ ድካም ይመጣል። ደህናው ልብስ ይሰቀላል፣ ቤቱ ወደ ወትሮው ይመለሳል። እናንተም ከስጦታና ከወሬ ትወጣላችሁ። ማየት የምትጀምሩት ያኔ ነው።

ለምሳሌ ማታ ማታ። ሁሉም ተሰብስቦ ይጫወታል፣ ቴሌቪዥኑም በርቷል። ሰው ሲስቅ እናታችሁም ይስቃሉ። ልብ ብላችሁ ካያችኋቸው ግን ሳቃቸው ከሌላው ዘግየት ይላል። የሚስቁት የእናንተን ፊት አይተው ነው፤ ቀልዱን አልሰሙትም። ዕድሜ ከጆሮ መጀመሪያ የሚነጥቀው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ሸ» ይጠፋሉ፣ ወፍራሙ ይቀራል። ሰው እየተናገረ መሆኑ ይሰማቸዋል፣ ምን እንዳለ ግን አይለዩም። የሕፃናት ድምፅ ደግሞ ይብስባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ60 ዓመት በላይ ከሆናቸው ሰዎች ሩብ የሚበልጡት ኑሯቸውን የሚያውክ የመስማት ችግር አለባቸው። መጮህ ብዙም አይረዳም፣ ያስቆጣል እንጂ። ቴሌቪዥኑን ቀንሱ፣ ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ረጋ ብላችሁ ተናገሩ። ቀጥሎ ጆሯቸውን አስመርምሩ። አንዳንዴ ችግሩ የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኝና ሁሉም ይገረማል።

ሌላው አረማመድ ነው። አባታችሁ ሌሊት ከአልጋ ሲነሱ ግድግዳ ይደገፋሉ? ደረጃ ሲወርዱ ቆም ብለው እግራቸውን ይፈልጋሉ? በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ይሞታሉ፤ ሳይታሰብ በሚደርስ አደጋ ከሚሞቱት ውስጥ ከትራፊክ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ብዙዎቹም በዕድሜ የገፉ ናቸው። መከላከያው አንዳንዴ እንዲህ ነው ተብሎ ለማውራት እንኳ የሚያሳፍር ቀላል ነገር ነው። በ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ ዘልቆ የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ወጣት ዓይን ከሚደርሰው ሲሶ ገደማ ነው። ለእናንተ የሚበቃው የኮሪደር አምፖል ለእሳቸው ጨለማ ነው ማለት ነው። ቀይሩት። የሚያንሸራትተውን ምንጣፍ አንሱ። የደም ግፊት መለኪያ ካላችሁ እንደተኙ ለኩላቸው፣ ከዚያ አቁማችሁ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ድገሙት። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ለሐኪማቸው ንገሩ።

መድኃኒት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሙያ ነገር ነውና ታገሡኝ። በአብዛኛው ቤት አንድ የመድኃኒት ፌስታል አለ። ፈቃድ ጠይቁና አልጋ ላይ ዘርግፉት። ግማሹ ያለቀ እሽግ፣ ቀኑ ያለፈበት ሽሮፕ፣ ጎረቤት «ለእኔ አድኖኛል» ብሎ የሰጠው ክኒን፣ ስሙ የተቀደደ ብልቃጥ ታገኛላችሁ። ሁለት ሐኪም በየፊናው ያዘዛቸው፣ የንግድ ስማቸው የተለያየ፣ ውስጣቸው ግን አንድ የሆነ መድኃኒቶችም ይኖራሉ። እሳቸው ሁለቱንም ይውጣሉ፤ ሁለቱም በሐኪም የታዘዙ ናቸዋ! በየቀኑ አምስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት የሚወስድ አረጋዊ ካለ እኛ ከመጀመሪያ ጀምረን ደግመን እናያለን። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉት፣ ለጉልበት ሕመም ተብለው የሚገዙት፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ለእንቅልፍ ተብሎ የተለመደ ዲያዜፓም ደግሞ ሌሊት ለመውደቅ ያጋልጣል። ይህን አንብባችሁ በቁጣ ፌስታሉን ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥሉት አደራ። በድንገት ሲቋረጥ አደጋ የሚያመጣ መድኃኒት አለ፤ ዲያዜፓምም አንዱ ነው። ሁሉንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ስሙንና አወሳሰዱን በአንድ ወረቀት ጻፉ፣ ከዚያ ከእሳቸው ጋር ሆናችሁ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጋ ይዛችሁ ሂዱ።

ስለመርሳት ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። መነጽር የት እንዳስቀመጡ መርሳት የሁላችንም ነው። የዘመናት ሰፈራቸው ውስጥ መንገድ ከጠፋባቸው፣ ዕድሜ ልክ ሲሠሩት የኖሩት ነገር ቅደም ተከተሉ ከተምታታባቸው ግን «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ከእርጅና ጋር የሚምታታ የሚታከም ነገር ብዙ ነው፦ ድብርት፣ የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ አሁን ያወራነው የመድኃኒት ጣጣም።

እስካሁን ያወራሁት እናንተ ስለምታዩት ነው። የእናንተ ጉድም አለ። በሥራ ቦታችሁ ሰው የምትመሩ፣ ቆፍጣና ናችሁ። ቤት ገብታችሁ ጥቂት ከሰነበታችሁ በኋላ ግን ታላቅ ወንድማችሁ አንዲት ቃል ጣል ሲያደርግ የ15 ዓመት ልጅ ሆናችሁ በር ታላትማላችሁ። አትፈሩ፣ የሁሉም ሰው ነው። ቤተሰብ ለእያንዳንዱ የሰጠውን ቦታ በቀላሉ አይለቅም። አንዱ አኩራፊ፣ አንዱ አስታራቂ፣ አንዱ ቀልደኛ ሆኖ ነው የቀረው። መሬይ ቦወን የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ነበር፤ የቤተሰብን ግንኙነት እንደ አንድ ሥርዓት ማየትን ካስተማሩት ዋነኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ስለ ታካሚዎች ይናገራል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ወደ ገዛ ቤተሰቡ ሄዶ የሞከረውን ተናገረ። የሞከረው ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው፦ ሳይቆጣ፣ ወገን ሳይዝ፣ ደግሞም ሳይሸሽ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር መገናኘት። ተማሪዎቹንም ወደየቤታቸው እየሄዱ እንዲለማመዱ ይመክር ነበር። ቦወንን የምወደው ለዚህ ነው። ሌላውን ከመምከሩ በፊት የራሱን ቤት አንኳኳ።

ከእሱ የወሰድኩት አንድ ነገር ጠቅሞኛል፣ ለእናንተም ይጠቅማል። እናታችሁ ስለ አባታችሁ እሮሮ ሲያሰሙ አድምጡ፣ ግን መልእክተኛ አትሁኑ። «እሱን ለራሱ ብትነግሪውስ?» በሉ፣ ከዚያ ወሬ ቀይሩ። ሦስተኛ ሰው ሆኖ መሐል መግባት መጀመሪያ ላይ ደግነት ይመስላል። በኋላ ግን ሁለቱም እናንተ ላይ ይዞራሉ።

አሁን ከሁሉም ወደሚከብደው ልምጣ። ወላጆች አጠገብ የቀረ ልጅ አለ። ብዙ ጊዜ አንዷ እህት ናት። ሐኪም ቤት የምታመላልሰው እሷ፣ ሌሊት ስልክ የሚደወልላት እሷ፣ የተበላሸ ቧንቧ የምታሠራው እሷ። እናንተ ከሩቅ ትመጡና በሁለተኛው ቀን «ይሄ መድኃኒት ለምን አልተቀየረም? ለምን ሌላ ሐኪም ጋ አልተወሰዱም?» ትላላችሁ። ሐኪሞች ይህን በየሀገሩ እናውቀዋለን፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በአንድ የአረጋውያን ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ «የካሊፎርኒያዋ ልጅ» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ከሩቅ በርራ ትመጣለች፣ ቤተሰቡና ሐኪሙ ተመካክረው የወሰኑትን ሁሉ ታፈርሳለች፣ ከዚያ ተመልሳ ትሄዳለች። ሳትኖሩ የቆያችሁበት ጸጸት ነው እንዲህ የሚያጯጩኸው። ጸጸት መጥፎ አይደለም፤ እህታችሁ ላይ ሲወርድ ነው መጥፎ።

ስለዚህ ለተወሰነ ጊዜ አፋችሁን ያዙ። መጀመሪያ የእሷን ሥራ ሥሩ። የሐኪም ቀጠሮ እናንተ ይዛችሁ ሂዱ። ሌሊት እናንተ ተነሱ። እሷ ትውጣ፣ ትተኛ፣ ጓደኛዋ ጋ ትሂድ። «እረፊ» ማለት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ በር ላይ ቁልፉን ተቀበሏት። ሥራውን ለጥቂት ቀናት ከሠራችሁት በኋላ የምትጠይቁት ጥያቄ ራሱ ይቀየራል። «ለምን አልተደረገም?» የነበረው «ይሄን ሁሉ እንዴት ቻልሽው?» ይሆናል። ያኔ አስተያየታችሁንም ትሰማችኋለች። ካልሰማቻችሁም ምናልባት ልክ እሷ ናት።

ወላጆቻችሁ የድሮ ታሪክ ደጋግመው ይነግሯችኋል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ቶሎ ያልቃል። ድሮ ሐኪሞችም ይህን የአእምሮ መድከም ምልክት አድርገው ያዩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ሮበርት በትለር የተባለ የአእምሮ ሐኪም፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ሕይወቱን ወደ ኋላ መቃኘቱ ተፈጥሯዊና ጠቃሚ ነው ብሎ ጻፈ። ሰውየው ሒሳቡን እያወራረደ ነው። በደንብ ማድመጥ ከፈለጋችሁ ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜያቸው ስለነበረው ጊዜ ጠይቁ። ተመራማሪዎች ደጋግመው እንዳዩት የአረጋውያን ትዝታ ከሁሉም በላይ የሚበዛው በዚያ ዕድሜ ላይ ነው። «ስለ ሕይወትህ ንገረኝ» አትበሉ፤ ሰፊ ጥያቄ አጭር መልስ ነው ያለው። «የመጀመሪያ ደመወዝህን ምን አደረግህበት? ያኔ ማንን ትፈራ ነበር?» በሏቸው። ፈቃድ ጠይቃችሁ በስልክ ቅዱት። የተደጋገመው ታሪክም ሁልጊዜ አንድ አይደለም። አንዳንዴ በአሥረኛው ጊዜ አዲስ ሰው ይገባበታል፣ እናንተም ስለዚያ ሰው መጠየቅ ትችላላችሁ። የድሮ ፎቶዎችንም አውጡና ከጀርባ በእርሳስ ስም ጻፉ። ሠርግ ላይ ከሙሽራው አጠገብ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ።

እዚያው ከተማ የቀሩ የልጅነት ጓደኞችን ማግኘትም አለ። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ስለ ሥራችሁ ካልተጠየቃችሁ አታውሩ። እነሱ እዚያ ኖረዋል፤ እናንተ የማታውቁትን ብዙ ያውቃሉ።

ኮምፒውተር ይዛችሁ ሄዳችሁ ከዚያ የምትሠሩ ደግሞ ሰዓታችሁን በግልጽ ተናገሩ። ለወላጅ፣ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ልጅ ሁልጊዜ ሥራ የፈታ ነው። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፣ ከዚያ የእናንተ ነኝ» ካላችሁ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በእርግጥ ዝጉት።

መሄጃችሁ ሲቃረብ አንድ ወረቀት አዘጋጁ። የመድኃኒቶቹ ዝርዝር፣ አለርጂ ካለ አለርጂው፣ የሐኪሙ ስልክ፣ የቀጣዩ ቀጠሮ ቀን፣ አስፈላጊ ሰነዶች ያሉበት ቦታ ይኑርበት። አንዱን ቤት ውስጥ በሚታይ ቦታ ለጥፉ፣ አንዱን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላልና ጎረቤት ጋ ሄዳችሁ አመስግኑ፣ ስልክ ተለዋወጡ፣ ቤቱ ሲዘጋ ማን ቁልፍ እንደሚይዝ ተነጋገሩ። ከባዱንም ጥያቄ አትዝለሉት፦ በጠና ቢታመሙ ምን እንዲደረግላቸው፣ ምን እንዳይደረግላቸው እንደሚፈልጉ ከራሳቸው አንደበት ስሙ። ከፊት ለፊት የሚከብድ ከሆነ በመንገድ ላይ፣ ጎን ለጎን ስትሄዱ ጠይቁ፤ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ይቀላል። ያሉትንም ለእህት ወንድሞቻችሁ በሙሉ አሰሙ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር እንዳይሆን።

ለእህታችሁም የሚቀጥለውን የዕረፍት ሳምንቷን አሁኑኑ ቀን ቁረጡላት። እሷ ካላንደሯ ላይ ትጻፈው፣ እናንተም ለአለቃችሁ ከዛሬ ንገሩት።