የድንጋዩ ደወል ለምን እንደ ብረት ይጮኻል?

ሰላም ለእርስዎ። በአያትዎ አገር ቤተ ክርስቲያን ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው ድንጋይ እውነት ደወል ነው ወይ፣ ድንጋይስ እንዴት እንደ ብረት ይጮኻል ብለው ጠይቀዋል። አዎ፣ ደወል ነው። ያውም የጥንቱ። የብረት ደወል እንደ ልብ ሳይገኝ አባቶቻችን ምእመኑን የሚጠሩት በእሱ ነበር። ዛሬም ጣና ዙሪያ ባሉ ገዳማት ያገኙታል።

እኔ ዘጌ ላይ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አይቼዋለሁ። ረዘም ያሉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች በገመድ ተንጠልጥለዋል። ዲያቆኑ በትንሽ ድንጋይ መታ ሲያደርገው ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ። መዳፌን ሳሳርፍበት ወዲያው ዝም አለ።

ምስጢሩ እዚያ ላይ ነው፤ ድምፁ የሚወጣው ድንጋዩ ሲንቀጠቀጥ ነው፣ መዳፌ መንቀጥቀጡን ሲያቆመው ድምፁም ቆመ። ደወል የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ጥቅጥቅ ያለና ስንጥቅ የሌለው ድንጋይ ነው። ፎኖላይት የሚባለው ዓይነትማ ስሙ ራሱ በግሪክኛ «ድምፃም ድንጋይ» ማለት ነው። በገመድ ሲንጠለጠል እንደ ልቡ ይንቀጠቀጣል፤ መሬት ላይ አስቀምጠው ቢመቱት ግን ድው ብሎ ይቀራል። ውፍረታቸው እኩል ከሆነ ረጅሙ ወፈር ያለ፣ አጭሩ ቀጠን ያለ ድምፅ ይሰጣል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። አዲስ የብረት ደወል ሲገዛ ድንጋዩ አጥር ስር የሚጣልበት ጊዜ አለ። የእናንተው እንዲህ እንዳይሆን እባክዎ ለሰበካ ጉባኤው ይንገሩልኝ። ገመዱም ካረጀ ይቀየር። ወድቆ ከተሰነጠቀ ያ ድምፅ አይመለስም።