ዊንዶውስ 11 ኮምፒውተሬን ለምን አልቀበልም አለ?

ጥያቄ፦ ያገለገለ ዴል ላቲቲዩድ 7480 ላፕቶፕ አለኝ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-7300ዩ፣ ራሙ 8 ጊጋባይት ነው። ዊንዶውስ 11 ልጫንበት ስል «አያሟላም» ይለኛል። ራም ባስጨምር ይቀበለኝ ይሆን?

መልስ፦ ለራም ገንዘብዎን አያውጡ። ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው 4 ጊጋባይት ራም ነው፤ እርስዎ እጥፉ አለዎት። የከለከለዎ ፕሮሰሰሩ ነው። 7300 ላይ የመጀመሪያዋ አኃዝ 7ኛ ትውልድ መሆኑን ትናገራለች፤ ማይክሮሶፍት ግን ከኢንቴል የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። የዚህ ላፕቶፕ ፕሮሰሰር ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም። ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ አንባቢዎችም ይህችን አኃዝ ሳታዩ አትክፈሉ።

ፍተሻውን ዘልለው የሚጭኑ አሉ። ሊሠራ ይችላል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለ ማሽን የአፕዴት ዋስትና ስለማይሰጥ ለሥራ ኮምፒውተር አንመክረውም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የተራዘመው የደኅንነት አፕዴት ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ይዘልቃል፤ ምዝገባው ሴቲንግ ውስጥ «ዊንዶውስ አፕዴት» ላይ ነው። የዊንዶውስ 10ዎ ስሪት 22ኤች2 መሆን አለበት፤ የማይክሮሶፍት አካውንትም ያስፈልግዎታል።

ጥያቄ፦ የእኔ ደግሞ የተገጣጠመ ዴስክቶፕ ነው፤ ኮር አይ5-8400። «ቲፒኤም 2.0 የለም» ይላል። ዕቃው ተገዝቶ ይገጠማል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ መግዛት አያስፈልግም። ፕሮሰሰርዎ ያልፋል፤ ቲፒኤሙም (የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቀው የደኅንነት ክፍል) «ፒቲቲ» በሚል ስም ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ተዘግቶ ይሆናል፤ በኤኤምዲ ማሽን ላይ «ኤፍቲፒኤም» ይባላል። ሲበራ «ዴሊት» ወይም «ኤፍ2» ደጋግመው ተጭነው ባዮስ ይግቡና ይክፈቱት። ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው ቢትሎከር ካለ ግን አስቀድመው ለጊዜው ያቁሙት፤ አለዚያ የመክፈቻ ቁልፉን ጠይቆ ያስቆምዎታል።

ከዚያ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ከፍተው «ባዮስ ሞድ» የሚለውን ያንብቡ። «ዩኢኤፍአይ» (አዲሱ የማስነሻ ዘዴ) ካለ የቀረዎት፣ ሲነሳ ያልተረጋገጠ ሶፍትዌርን የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡትን ባዮስ ውስጥ መክፈት ብቻ ነው። «ሌጋሲ» (የድሮው ዘዴ) ካለ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ዲስኩ በኤምቢአር፣ ማለትም በድሮው የዲስክ አከፋፈል፣ የተከፈለ ነውና ባዮሱን ቀድመው ወደ ዩኢኤፍአይ ከቀየሩት ዊንዶውስ አይነሳም። መጀመሪያ ፋይልዎን ሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ። ቀጥሎ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍተው፣ ከዊንዶውሱ ጋር በሚመጣው «ኤምቢአር2ጂፒቲ» መሣሪያ በ«ቫሊዴት» (/validate) ይፈትሹ፤ ካለፈ በ«ኮንቨርት» (/convert) ዩኢኤፍአይ ወደሚፈልገው የጂፒቲ አከፋፈል ይለውጡ። በሁለቱም ላይ «አሎውፉልኦኤስ» (/allowFullOS) ካልጨመሩ እምቢ ይላል። ዲስኩ ላይ ከሦስት በላይ ዋና ክፍልፋዮች ካሉም ፍተሻውን አያልፍም። ልወጣው ሲሳካ ብቻ ባዮስ ገብተው የድሮውን የማስነሻ ዘዴ የሚደግፈውን «ሲኤስኤም»ን ይዝጉ፣ ሴኪዩር ቡትን ይክፈቱ፤ ዊንዶውስ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ማሟላቱን የሚፈትሸውን የማይክሮሶፍት ፕሮግራም «ፒሲ ኸልዝ ቼክ»ን እንደገና ያስኪዱ።